ኧረ የሰዉ ብዛት!

ከበዓል ውሎ የሚመለስ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፦ «ኧረ የሰዉ ብዛት!» ከጥምቀተ ባሕር የመጣ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ የመጣ፣ ጣና ሐይቅ ዳር አሳ በልቶ የመጣ፣ ሁሉም ጫማውን ሳያወልቅ ይቺን ይላታል። ለአጽንዖት ራሱን ይወዘውዛል። ጎረቤት ቢኖር ይደግምለታል።

እኔን የሚገርመኝ የሰዉ መብዛት አይደለም፤ ተናጋሪው ራሱን አለመቁጠሩ ነው። ልጆቹን፣ አማቹን፣ ከደብረ ማርቆስ ለበዓል የመጣችውን የሚስቱን እኅትና ሁለት ፌስታል ዳቦ ይዞ የወጣ አባወራ ማታ ተመልሶ «መቆሚያ እንኳ ጠፋ» ይላል። መቆሚያውን ማን ያዘው? እሱ'ኮ «ሰው» አይደለም። እሱ ለመዝናናት የሄደ ነው። ሰው ማለት ሌላው ነው።

እኛ የባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነዋሪዎች በዚህ ነገር ከማንም አንተናነስም። ወደ ሐይቁ ዳር ለመሄድ ወንዙን መሻገር አለብን። ከተማው ውስጥ ያሉት «የዛሬው ጭንቅንቅ ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው» ይላሉ። እኛም ባጃጅ ውስጥ ለአራት ተጣብቀን፣ «ይኼ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚመጣው?» እንላለን። ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ ከቤታችን በር ላይ ነው ያነሳን።

ይህ ጠባይ የእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር እስኪደውል ድረስ።

ዴንቨር ሐበሻ የበዛባት የኮሎራዶ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች አሉ፤ ክረምት ሲሆን በረዶ ይለብሳሉ። ቅዳሜ ማለዳ ከተማው ተነቅሎ ወደዚያ ይወጣል። ያጎቴ ቤት፣ የጓደኛዬ ሠርግ፣ የንግሥ በዓል የለም፤ የሚሄደው ተንሸራቶ ሊመጣ ነው። የሚወስደው አውራ ጎዳና አይ 70 ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው ጫፍና ጫፍ ይገጥማል፤ እሑድ ማታ ደግሞ በመልሱ አቅጣጫ ይገጥማል። የአክስቴ ልጅም ልጆቹ ጎትጉተውት ሄዶ ኖሮ፣ ማታ በቪዲዮ ደወለ። አክስቴ ቡና እየቆላች ነበር፤ ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

«እማ፣ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ስኪ ሄደን ዋልን። ኧረ የሰዉ ብዛት!»

«ንግሥ ነበር እንዴ?»

«አይደለም፤ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ተሰበርክ?»

«ኧረ ሆን ብለን ነው የምንንሸራተተው። ተራራው ላይ ትወጫለሽ፣ ከዚያ ተንሸራተሽ ትወርጃለሽ።»

አክስቴ መቁያውን ከእሳቱ ላይ አነሳችው። «ተራራው ላይ ምን አለ? ገዳም ነው?»

«ምንም የለም። ወጥቶ መውረድ ነው።»

«ከወረዳችሁ በኋላስ?»

«እንደገና እንወጣለን።»

«ማን አዟችሁ?»

ልጁ መልስ አጣ። በበኩሌ ስለ ስፖርት ከተጠየቁ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አልሰማሁም።

«ዳገቱን በእግር ነው የምትወጡት?»

«አይ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር አለ፤ እሱ ነው የሚያወጣሽ። የሰዉ ብዛት እሱ ጋ ነው፤ ለወንበሩ ወረፋ ሃምሳ ደቂቃ ቆምን።»

«ስትወርዱስ?»

«አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«ይከፈላል?»

«ይከፈላል እንጂ!»

«ለመውረድ?»

«ለመውጣት ነው የሚከፈለው፤ መውረዱስ ነጻ ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ «ይህ ልጅ ደኅና ነው?» እንደማለት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰችና ፍርዷን ሰጠች፦ «ሐምሌ ላይ ና፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ደጅ ድረስ በነጻ ትንሸራተታለህ። ወረፋም የለው።»

ልጁ ብልህ ነው፤ ዋጋውን አልነገራትም። ቬይል የሚባለው የኮሎራዶ መዝናኛ በበዓል ሰሞን መስኮቱ ላይ ለሚገዛ ሰው የአንድ ቀን ቲኬት ከ300 ዶላር በላይ ያስከፍላል። አክስቴ ይህን ብትሰማ መጀመሪያ በብር ታባዛዋለች፤ ቀጥላ በበግ ታካፍለዋለች፤ ከዚያ ያን ሁሉ በግ አንድ ቀን ሙሉ ዳገት ላይ ሲያንሸራትት ውሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ እያሰበች እንቅልፍ ታጣለች።

ዋጋው ደግሞ ቋሚ አይደለም። ሰው የሚበዛበት ቀን ይጨምራል፣ ሰው በሚቀንስበት ቀን ይቀንሳል። ትልቅ ጥበብ አድርገው ያወሩታል፤ ኮምፒውተር ያሰላዋል አሉ። እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠራው የባጃጁ ልጅ ነው። ትናንት በአሥር ብር የሄድክበትን መንገድ ዛሬ ሠላሳ ሲልህ «እንዴት?» ካልከው፣ «ዛሬ'ኮ በዓል ነው!» ይልሃል። ስሌቱ እዚያ ላይ አለቀ። ደግሞም አትከራከረውም፤ በዓል መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

ወረፋን በተመለከተ ግን ፈረንጅ ገና ልምድ ይቀረዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በዩታ ግዛት ፓርክ ሲቲ በሚባለው የስኪ መዝናኛ፣ ተራራውን የሚጠብቁትና የወደቀውን የሚያነሱት 200 ገደማ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ለገና ሰሞን ሥራ አቆሙ። አብዛኛው ቁልቁለት ሳይከፈት ቀረ። በየወንበሩ ሥር ሕዝቡ ተከማችቶ ለሰዓታት ቆመ፤ መጨረሻ ላይ ሰልፈኛው ራሱ ኩባንያውን «ለሠራተኞችህ ክፈል» እያለ በአንድ ድምፅ ይጮህ ጀመር። ከእነዚያ መካከል ስንቱ ከጎኑ የቆመውን ሰው ስም እንደጠየቀ እንጃ።

እኛ ዘንድ ወረፋ ማለት ማኅበር ነው። «የመጨረሻው ማን ነው?» ብለህ ትገባለህ። «እኔ ነኝ፤ ከኔ ኋላ ነህ» ትባላለህ። አንዲት ሴትዮ «እዚህ ደርሼ ልምጣ» ብላ ፌስታሏን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ፌስታሉ በእሷ ፈንታ ይሰለፋል። ሲራመዱ ሁሉም በእግሩ እየገፋ ያራምደዋል። ዘይትና ስኳር በወረፋ በሚታደልበት ዘመን ድንጋይ ተሰልፎ ሲያራምዱት አይቻለሁ። ወረፋው እስኪደርስ ድረስ የማን ልጅ እንደሆንክ ተጣርቶ፣ ሦስተኛው ሰው ላይ ዘመድ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። ዘመድ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ፊት ያሳልፍሃል። ከኋላ ያሉት ይጮኻሉ።

ከወገናችን በረዶ ላይ ወረፋ ያልጠበቀ ሰው አለ፤ ሮቤል ተክለማርያም። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ጣሊያን ቶሪኖ ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የቀረበ የመጀመሪያው ሰው ነው። ቡድኑ እሱ፣ ባንዲራ ያዡ እሱ፤ ሌላ ማንም የለ። በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። አበበ ቢቂላን በወለደች አገር 83 የሚለው ቁጥር በስፖርት ዜና ላይ ለጆሮ ይከብዳል። ግን የእሱ ዓይነት ስኪ ገመድም ወንበርም የለውም፤ ዳገቱንም በራስ ጉልበት ነው። ይኼኛውን አክስቴም ሳትቸገር ትረዳዋለች። አዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ ስለሌለ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በሁለት ዘንግ መሬቱን እየተመረኮዘ ሲያልፍ የታክሲ ረዳት ምን ብሎት እንደሆነ መገመት ነው።

በረዶው ራሱ አገራችንን ጨርሶ አያውቃትም ማለት አይደለም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ሌሊት ይጥላል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ይወስደዋል። ወረፋ ለመያዝ የሚሆን ጊዜ እንኳ አይሰጥም።

የእኛ ቁልቁለት የውሃ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ቁልቁል ይወረወራል። በክረምት ማብቂያ ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ወድቆ መውረዱን ውሃው ይሠራልናል፤ እኛ ቆመን እናያለን። እንደኔ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው ስፖርት ይኼ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ወደ ፏፏቴው መቼ ይጎርፋል? ውሃው ሲኖር እንዳይመስላችሁ፤ በዓል ሲኖር ነው። ነሐሴና መስከረም ውሃው ገደሉን ሞልቶ ሲያገሳ የሚያየው ጥቂት ሰውና ዝንጀሮ ነው፤ ሌላው ጭቃውን ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል። ለገናና ለጥምቀት ግን ሚኒባስ በሚኒባስ ይሆናል። በዚያ ወቅት ወንዙ ይቀንሳል። የቀነሰውም ሁሉ ወደ ገደሉ አይደርስም። በመንገዱ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ የሚጠያየቀው «ውሃው ዛሬ አለ?» እያለ ነው። ስለ ዓባይ ነው ወሬው! ስለ ቧንቧ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1950ዎቹ ተሠራ፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ዓባይ አልተሰማውም። በኋላ ሁለተኛው መጣ፤ 73 ሜጋ ዋት። ፏፏቴው ይሰማው ጀመር። በግንቦት 2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ተመረቀ። እሱ የሐይቁን ውሃ ገና ከምንጩ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። መብራት እንፈልጋለን፤ ማንም አይክድም። ፏፏቴውን ሰጠን፣ መብራቱን ተቀበልን። መብራቱም አንዳንድ ቀን ሳይናገር ይወጣል፤ የት ሄዶ እንደሚያመሽ አይታወቅም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያለ ሰው ስለ መብራት ሳያስብ የቀረው ዘመኑ ስላልደረሰ ነው።

ፈረንጅ በረዶ ሲያጥረው ሌሊቱን በመድፍ መሰል ማሽን ውሃ እየረጨ በረዶ ይሠራል፤ ጠዋት እንግዳው ሲመጣ ተራራው ነጭ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኛ የተሠራ አለን፤ በማሽን እንደብቀዋለን።

ሁልጊዜ ሞልቶ የሚወርድ ጢስ ዓባይ የነበረው የድሮው አንድ ብር ጀርባ ላይ ነው። ጎረምሳው ከፊት፣ ወፎቹና ፏፏቴው ከኋላ። ክረምት በጋ ሳይል ይወርዳል፤ በስንት ሺህ ኪስ ተጣጥፎ ላብ ጠጥቶ እንኳ አይቀንስም ነበር። እሱም አልተረፈም። 2002 ተብሎ የታተመበት የአንድ ብር ሳንቲም መጣና ፏፏቴው በሚዛን ተተካ። ጣና በለስ የተመረቀበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ሚዛኑ ምን ሲመዝን እንደነበር ለአንባቢ እተዋለሁ።

በበዓል ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ልጅ አባቱን ይጎትተዋል። «አባዬ፣ ፏፏቴው የታል?» አባት በጣቱ ያሳየዋል። ጥቁሩ ዓለት ላይ አንዲት ቀጭን የውሃ መስመር አለች። «ያውልህ!» ልጁ ጣቱን ተከትሎ ያያል፣ ደግሞ አባቱን ያያል። አባት የመጣበትን መንገድ፣ የከፈለውን የመግቢያና የጀልባ መሻገሪያ ያስባል። «ስትጠጋ ነው ትልቅ የሚሆነው» ይላል። ከዚያ ቤተሰቡን ሰብስቦ ቀጭኗን መስመር ከጀርባ አድርጎ ፎቶ ያስነሳል፤ የፎቶ አንሺው ችሎታ የሚለካው ከመቶ ሰው መካከል አንድ ቤተሰብ ብቻውን ያለ አስመስሎ በማውጣቱ ነው። የሰዉ ብዛት በአፍ ይወራል እንጂ ፎቶ ላይ አይገባም።

ዓባይ ላይ ብቻን መቆም የጥንት ምኞት ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በ1618 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰከላ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ እዚያው ደረሰ፤ በንጉሡ በጆርጅ ስም ጽዋ አነሳ፤ ደስታው ወሰን አጣ። «ከአንተ በፊት ሰው መጥቷል» ሲባል ግን አልዋጥልህ አለው። ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ሲከራከር ኖረ። እኔ ይህን ሳነብ የሰማሁት ያችኑ ቃል ነው፤ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው መምጣቱ ለብሩስ በዛበት። ሁለቱንም እየመራ ያደረሰውና በምንጩ ዳር ከብት ሲያጠጣ ያገኙት የሰከላ ሰው ከቁጥር አልገባም፤ ዓባይን ለማየት የመጣ ስላልሆነ ይሆናል።

ከጢስ ዓባይ ይልቅ እኔ የምወደው የሐይቁን ዳር ነው። በዓል ሲሆን የጀልባ መነሻው ላይ ቆሞ ማየት ከየትኛውም ቲያትር ይበልጣል። በተለይ ጥርን በባሕር ዳር በሚባለው ሰሞን፣ ጥምቀቱ፣ እንግዳው፣ የታንኳ ቀዘፋው ተደራርቦ ሲመጣ።

ጀልባው ቆሟል። ረዳቱ አፉ ላይ ቆሞ ይጣራል፦ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ትገባለህ። ውስጡ ሁለት ሽማግሌና አንዲት ሕፃን ያቀፈች እናት አሉ። ሌላው ወንበር ባዶ ነው። «አንድ ሰው አልክ'ኮ?» ስትለው «አዎ፣ አንድ አንድ ሰው ነው የምንጭነው» ይልሃል። ለዚህ መልስ የለህም፤ እውነቱን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ትቀመጣለህ። አንተ ከገባህ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አሁን እያንዳንዱን ገቢ በክፉ ዓይን የምታየው አንተ ነህ። «ሞልቷል እኮ፣ እንሂድ እንጂ!» ማለት የሚጀምረው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የገባው ነው።

ብርቱካናማው ላይፍ ጃኬት ይታደላል። ሁሉም ይለብሳል። ፎቶ ሲሆን ሁሉም ያወልቃል፤ የሀገር ልብሱን ይሸፍንበታላ። ፎቶው ሲያልቅ ይለበሳል። ጣና ይህን ሥርዓት ስለሚያውቅ መሰለኝ ይታገሠናል።

ጉዞው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ ነው። የሚታየው ጉማሬ ነው፤ ማለቴ የሚጠበቀው ጉማሬ ነው። ሞተሩ ይቀንሳል። ሁሉም ዝም። ድንገት ረዳቱ፦ «ያውና!» ይላል። ጀልባው ሙሉ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይዛመማል። ጀልባውም ይዛመማል። ነጂው ከኋላ ይጮኻል፦ «ተመለሱ! ኧረ ሚዛን ጠብቁ! ግማሻችሁ ወደ ግራ!» ማን ወደ ግራ ይሄዳል? ግራ ላይ ጉማሬ የለም። አንዲት እናት ብቻ ነጂው አሳዝኗት ወደ ግራ ትሄዳለች።

ውሃው ላይ ሁለት ጆሮና ሁለት ቀዳዳ ይታያል። ይተነፍሳል። ጆሮውን አንዴ ያርገበግባል። እኛን ያያል፤ ሰማንያ ዓይንና አርባ ስልክ። መልሶ ይሰጥማል። በቃ ይኸው ነው። የጉማሬ ቋንቋ ባላውቅም ሲገባ ምን እንዳለ ግን ልምል እችላለሁ፤ የሰዉን ብዛት ነው ያማረረው። እሱ ግን መብት አለው፤ ቤቱ ነው።

ስንመለስ ሁሉም ያየውን ይተርካል። ያላየውም ይተርካል፤ የበለጠ ያሳምረዋል። ያች ወደ ግራ የሄደችው እናት ዝም ብላ ልጇን ታጠባለች።

ምሳ ሌላ ሙግት ነው። ሐይቁ ዳር ሙሉ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ታዝዛለህ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ጭራው እስኪደርቅ ተጠብሶ፣ ሎሚና አዋዜ ይዞ ሲመጣ በጣት እየፈለፈሉ ነው የሚበላው፤ አጥንቱ ሲቀር ማበጠሪያ ይሆናል። ይህ ሲመጣ ነው። በበዓል ቀን አስተናጋጇን በጠራሃት ቁጥር «እየደረሰ ነው» ትልሃለች። ከየት ተነስቶ ነው የሚደርሰው? ሐይቁ እዚያው አሥር እርምጃ ላይ ነው። ከጎንህ ያለው ጠረጴዛ ካንተ በኋላ መጥቶ ካንተ በፊት በላ። ዘመድ አለው ማለት ነው። እዚህ ላይ የፈረንጆቹ ኮምፒውተር አይሠራም።

ማታ ወደ ዓባይ ማዶ ስንመለስ አዲሱ ድልድይ አለ። በ2016 ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። የጥንቱ ጠባብ ድልድይ ላይ ወታደር ይቆም ነበር፤ ፎቶ ማንሳት ቀርቶ ቀስ ብሎ መሄድም ያስጠይቅ ነበር። ይኼኛው ሰፊ ነው፤ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ማታ መብራት በቀለም በቀለም ይበራበታል። ድልድይ የሚሠራው ለመሻገር ነው። ሰዉ ግን መሃል ላይ ደርሶ ይቆማል። ሙሽራ ይቆማል፣ ተመራቂ ይቆማል፣ ቆሎ ሻጭ ይቆማል። ሠርገኛው ክላክስ ያደርጋል። ጭንቅንቁን ያቃልላል የተባለው ድልድይ ራሱ የሽርሽር ቦታ ሆነና የሚያጨናንቀውን ጠራው።

እንግዲህ ሳማርር ከዋልኩ ላይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ሰው ያልነበረበት ጊዜ አይቻለሁ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ያን ጊዜስ የኮሎራዶ ተራሮችም ወንበራቸውን አቁመው ነበር፤ እነሱ በሚቀጥለው ክረምት ከፈቱ። እኛ ግን ኮሮናው ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰብን፤ እሱ አለቀ ስንል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ግጭቱ እደጃችን መጣ። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ እንግዳው ቀረ። የጀልባ ነጂዎች ሞተር እየፈቱ ዘይት እየቀቡ መልሰው ሲገጥሙ ይውላሉ። አስተናጋጇ «እየደረሰ ነው» አትልም፤ አሳው ሳትቀመጥ ይደርሳል፤ የሚበላው ነው የሌለው። ረዳቱም «አንድ ሰው ብቻ» ማለቱን ተወ። የሚለው «ሰው!» ብቻ ነበር። ወደ ባዶው መንገድ እያየ፣ «ሰው! ሰው!»

በዚያ ሰሞን ከሐይቁ ዳር የሚመለስ የሰፈራችን ሰው ስለ ብዛት አላወራም። «እንዴት ነበር?» ሲሉት «ጭር ብሏል» ይልና ጫማውን አውልቆ ይገባል። አሁንም ያ ነገር ጨርሶ አልሄደም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሰዉ ይመጣ ይሆን ብለን እንቆጥራለን። በመጣ ጊዜ ደግሞ ያችን ምሬት እንጀምራለን፤ ደኅና መሆናችን በሷ ነው የሚታወቀው። ፈረንጁም ለአምስት ደቂቃ መንሸራተት ሃምሳ ደቂቃ ሲቆም እብደት ይመስለን ይሆናል እንጂ፣ ባዶ ተራራ ላይ ብቻውን ልቀቁት፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያየው ሰው የለማ!

አክስቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። ልጇ በደወለ ቁጥር «ያ ተራራ እንዴት ሆነ? ዛሬም ወጣህ?» ትለዋለች፤ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ዓይነት። እሱም በሚመጣው ጥምቀት ልጆቹን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። ለዚያ ጊዜ ከነገርኩት ምክር ለእናንተም የሚሆነውን ላካፍል። ፏፏቴውን የምትፈልጉ መስከረም ላይ ኑ፤ ሰዉን የምትፈልጉ ጥር ላይ። ግርግር ለሌባ ያመቻልና ስልካችሁን የፊት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የባጃጁን ሒሳብ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ» ሲል አትሩጡ፤ ቡና ጠጥታችሁ ትደርሳላችሁ። ጉማሬው የታየ እንደሆነ ግማሻችሁ ወደ ግራ ሂዱ። አሳውን ግን ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እዘዙ።